የቆመችው ላክሽሚ

የአማልክት ሥዕል መጽሐፍ ቤት ሲገባ ሰው ሁሉ ፊት ፊቱን ያያል። እኔ የማየው እግር እግሩን ነው።

ባለፈው ሳምንት ልጄ ለልጁ ለኢራ አንድ አዲስ ገዝቶላት መጣ፤ ትልቅ፣ ሽፋኑ የሚያብረቀርቅ፣ ገና ሲገልጡት ቀለም ቀለም የሚሸት። ምራቴም፣ ኢራም፣ እኔም ከበን አየነው። ምንም አልጎደለውም። የዝሆን ራስ ያለው የጋኔሽ ኩምቢ ወደ ግራ ታጥፏል። ወደ ቀኝ ቢታጠፍ ኖሮ መጽሐፉን የሚገዛው ባልተገኘ፤ ቀኝ ኩምቢ ቁጡ ነው፣ ሥርዓቱን አንድ ቀን ያጓደለ ቤት ወዮለት ይባላል። ቅቤ ሰራቂው ክሪሽና ዝናብ ያረገዘ ደመና መስሎ ሰማያዊ ነው። ካሊ ምላሷን አውጥታለች። የሀብት እመቤቷ ላክሽሚ ደግሞ እንደሚጠበቅባት ትልቅ ሮዝ አበባ ላይ ተቀምጣለች፤ ከመዳፏ ወርቅ ይንዠቀዠቃል፣ ግራና ቀኟ ነጭ ዝሆኖች ውሃ ያፈሱላታል።

"እሰይ፣ ተቀምጣለች" አልኩ፣ ሳላስበው።

ምራቴ ሳቀች። "እማማ ደግሞ! የት ትሄዳለች ብለው ነው?"

ኢራ ስድስት ዓመቷ ነው። ሥዕሉን ቆርጣ ደብተሯ ላይ ልትለጥፍ መቀስ ጠየቀች። እኔ ቤት መቀስ የሚቀመጠው በቁልፍ ነው። ልጆቼም ያደጉት እንዲሁ ነው። "የእማዬ ነገር፣ ዓይናችንን የምንወጋው እየመሰላት ነው" እያሉ ይስቁብኛል። ዓይን አይደለም። ምክንያቱ ሰባ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ለማንም አልተናገርኩትም።

ያደግኩት ካራድ ነው፤ ሁለት ወንዞች ከወዲህና ከወዲያ መጥተው ፊት ለፊት የሚላተሙባት ከተማ ናት። ሰባት ዓመቴ ነበር። አባቴ ራጉናት የአማልክት ሠዓሊ ሲሆን የሚሠራው ለካሺናት ሼት ነበር። እኛ ባለሀብት ነጋዴን ሼት እንላለን፤ ካሺናት ሼት የማተሚያ ቤቱ ጌታ ናቸው፤ ሆዳቸው ከእሳቸው ቀድሞ በር የሚገባ፣ ድምፃቸው ከሆዳቸው የሚቀድም ሰውዬ። ያን ዓመት አንድ ትልቅ ሥራ ጀምረው ነበር። ሠላሳ ሁለት አማልክት በሥዕል፣ ከየሥዕሉ ጎን ጸሎቱ፤ ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ገልጦ እንዲያመልክበት።

አባቴ በረንዳችን ላይ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ይስላል። ሰማያዊውን ቀለም የምፈጨው እኔ ነኝ። ጣቶቼ ሰማያዊ ሆነው ትምህርት ቤት ስሄድ ልጆቹ፣ "የክሪሽና እህት መጣች፣ ቅቤያችሁን ደብቁ!" እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እኔ ግን ኩራቴ ልክ አልነበረውም። የአገሩ አማልክት ሁሉ ከእኛ በረንዳ የሚወጡ ይመስለኝ ነበር።

ተራው የላክሽሚ ሲሆን አባቴ እናቴን አይቶ እንዲስል ጠራት። እናቴ ማንዳኪኒ የሠርጓን አረንጓዴ ሳሪ ለብሳ ወጣች። ሳሪው ሰፍቷት ነበር፤ እኔ ሳሪው ያደገ መሰለኝ።

"ቁጭ በይ፣ ይደክምሻል" አላት።

"የኩሙ አባት፣ ቆሜ ይሳሉኝ" አለች። ኩሙ እኔ ነኝ፤ ባሏን በስሙ ጠርታው አታውቅም። "ቁጭ ያለ ሰው በሽተኛ ይመስላል። ቁጭ ካልኩ ደግሞ የምነሳ አይመስለኝም።"

አያቴ፣ የአባቴ እናት፣ ከውስጥ ሩዝ ስትለቅም ሰማቻት። "ተዋት፣ ትቁም! ይቺን ቤት ያቆመቻት እሷ ናት፤ ምሰሶውማ ለጌጥ ነው" አለች። አያቴ ምላሷ እንደ ሚጥሚጣ ነበር። እናቴ ሳቀች፣ ሳቋ ሳል ሆነ፣ ምሰሶውን በአንድ እጇ ያዘች። እንደያዘች ሣላት። በኋላ ምሰሶውን የአበባ ግንድ አደረገው።

አሥር ቀን ያህል በየጠዋቱ ትንሽ ትንሽ ቆመችለት። እኔ ከእግሯ ሥር እቀመጥ ነበርና እግሯን እንደ ስሜ አውቀዋለሁ። የግራ እግሯ ሁለተኛ ጣት ጠማማ ነው። ሙሽራ ሆና በመጣች በዓመቱ የወፍጮው ድንጋይ ወድቆበት ጎብጦ አውራ ጣቷ ላይ ወጥቷል። በእኛ ባለትዳር ሴት ሁሉ በሁለተኛው የእግር ጣቷ የምታደርገው የብር ቀለበት እዚያ አልገባ ስላለ ሦስተኛው ላይ ነበር የምታደርገው። እንደዚያ የምታደርግ ሌላ ሴት በከተማው አልነበረችም።

ሳሉ በረታ። "የቀለሙ ብናኝ ነው" አለችኝ፤ አመንኳት፣ ቀለሙን ቀስ ብዬ መፍጨት ጀመርኩ። አንድ ቀን ከትራሷ ሥር ቀይ የነካው ጨርቅ አገኘሁ። የአባቴን ቀይ ቀለም ሰርቃ ከንፈሯን የምትቀባ መሰለኝ። ሚስጥሯን ጠበቅሁላት። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። አሁን ሳስበው ብናገርም የሚለወጥ ነገር አልነበረም፤ ከእኔ በቀር የማያውቅ አልነበረማ።

ሥዕሉ አልቆ ማተሚያ ቤት ከሄደ በሦስተኛው ቀን ካሺናት ሼት ራሳቸው ይዘውት መጡ። እኔ ከበሩ ኋላ ተሸጉጬ ነበር።

"ራጉናት፣ ምን ጉድ ነው ያመጣህብኝ?"

"ምን አጠፋሁ፣ ሼት?"

"ቆማለች!"

"አዎ፣ ቆማለች። ታዲያ?"

"ታዲያ ይለኛል! አንባቢዬ ማን ነው? ሱቅ የከፈተ፣ ልጁን የሚድር፣ ላም የገዛ ሰው ነው። ላክሽሚን ቤቱ የሚያስገባት እንድትቀመጥለት ነው። የቆመች ላክሽሚ አንድ እግሯ ደጅ ነው! ዛሬ አለች፣ ነገ ውልቅ ብላ ትሄዳለች። የሰውን ሲሳይ ከቤቱ ላስወጣ ብዬ ነው መጽሐፍ የማሳትመው?"

"ቤተ መቅደስ ውስጥ ቆማ አይተዋት አያውቁም?"

"ቤተ መቅደስማ ትቁም! ቤተ መቅደስ ዘበኛ አለው።" ሥዕሉን ወደ ብርሃን አዞሩት። "ይሄስ ምንድን ነው?"

"ጣት ነው።"

"ጠማማ ጣት! ለመሆኑ እመቤቲቱ ወፍጮ ቤት ነው የዋለችው? ስማኝ ልጄ፤ ሰው እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ሲገልጥ የሚያውቃትን ላክሽሚ ነው የሚፈልገው። ጎረቤቱን ማየት ከፈለገ መስኮቱን ይከፍታል።"

ሼት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ስለ አንድ ተራራ፣ ስለ ንጹሕ አየር፣ ስለሚያውቁት ሐኪም ተናገሩ። እጃቸውን አባቴ ትከሻ ላይ አድርገው ቆዩ። ያ ንግግር ትዝ ቢለኝም ያኔ ጆሮዬ አልተቀበለውም ነበር። በጆሮዬ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቆመች ላክሽሚ ቤት አትቀመጥም።

አባቴ በሦስት ቀን ሌላ ላክሽሚ ሣለ፤ ተቀምጣ፣ ጣቶቿ እንደ ባቄላ ፍሬ የተስተካከሉ። መጽሐፉ በእሷ ወጣ፣ ብዙም ተሸጠ። የቆመችዋን አባቴ እናቴ የተኛችበት የጓዳ ክፍል ውስጥ ከአልጋዋ ግርጌ ግድግዳው ላይ ሰቀላት። ያኔ እናቴ መነሳት አቁማ ነበር። እኔም ደፍ እንዳላልፍ ተከልክያለሁ። አያቴ በሩ ላይ ዝቅተኛ ዱካ አድርጋ ትቀመጥና፣ "እዚያው ሁነሽ አውሪያት፣ ጆሮ አላት" ትለኛለች። አያቴ እናቴን አሰረችብኝ አልኩ። ጠላኋት።

አንድ ከሰዓት በኋላ በግቢው የበሶብላ ተክል አጠገብ አያቴና አባቴ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

"ሐሙስ ካልከኝ ሐሙስ ይሁን። ዝናቡ መንገዱን ሳይዘጋው ወደ ተራራው ትሂድ።"

"ልጅቷስ፣ እማዬ?"

"ለልጅቷ እኔ አለሁ።"

"ለበዓሉ ትመለሳለች። ሐኪሙ እረፍት ብቻ ነው ያለው።"

አያቴ ሩዝ ትለቅም ነበር። የለቀመችውን መልሳ ከጠጠሩ ጋር ደባለቀችው፤ እንደ አዲስ መልቀም ጀመረች።

ለእኔ ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነልኝ። እናቴ የምትሄደው ስለቆመች ነው። ሼት ብለው የለ! አባቴ ዘንድ ሮጥኩ።

"አባባ፣ ያስቀምጧት።"

"ማንን?"

"የጓዳዋን ላክሽሚ። እግሯን አጣጥፈው ያስቀምጧት። ሰማያዊውን እኔ እፈጭልዎታለሁ።"

"እሷ ቆሜ ብላለች" አለኝ። "ቃሏን አልነካም።"

ደፉ ላይ ቆሜ እናቴን ጠየቅኋት። "ትሄጃለሽ?"

"ለዝናቡ ነው" አለችኝ። ድምፅዋ እንደ ወረቀት ሳስቶ ነበር። "ለጋውሪ በዓል እመጣለሁ። ውሃውን እግሬ ላይ የምታፈሽው አንቺ ነሽ።"

ሐሙስ ጠዋት አያቴ እናቴን አቅፋ ለማጠብ ወደ ጓሮ ወሰደቻት። የምትጎትታት መሰለኝ። ክፍሉ ባዶ ሆነ። የአባቴን መቀስ ከቀለም ሣጥኑ አወጣሁና ደፉን ተሻገርኩ። አልጋዋ ላይ ወጣሁ፤ አንሶላው ገና እርጥብና ሙቅ ነበር። ወረቀቱ ወፍራም ነው፣ መቀሱ እንደ አይጥ ጥርስ ቅርጥ፣ ቅርጥ ይላል። ከአልቦዋ በታች፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ቀጥ አድርጌ ቆረጥኩት። ሁለቱ እግሮች በእጄ ቀሩ፤ የመዳፌን ያህል ወረቀት ነው። ሸሚዜ ውስጥ ደበቅኋቸው። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። እግር የሌለው ሰው የት ይሄዳል?

በረንዳው ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። የፈረስ ጋሪው መጣ። ቀጥሎ በሩ ተከፈተ፤ አባቴና ጎረቤታችን ባቡራኦ እናቴን በወንበር ተሸክመው ወጡ። እግሮቿ ከሳሪው ሥር ተንጠልጥለዋል። እንደ ታጠበ ልብስ ይወዛወዛሉ። መሬት አልነኩም።

እናቴ አየችኝ። ፈገግ ልትል ሞከረች። "ኩሙ፣ አየሽ?" አለችኝ። "እግሬ ዛሬ እምቢ አለኝ። እንደ ንግሥት ይሸከሙኝ ጀመር።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ወረቀቱ ሆዴ ላይ ተጣብቋል። መጮህ ፈለግሁ፤ "እኔ ነኝ፣ እሰጥሻለሁ፣ አውርዷት" ማለት ፈለግሁ። ይልቁንም ሸሚዜን ከላይ ጨብጬ ያዝኩ። እጇን ወደ እኔ ዘረጋች፣ ሳትነካኝ መለሰችው። ጋሪው ሄደ።

ዛሬ፣ ሰባ ሰባት ዓመት ሆኖኝ፣ አውቀዋለሁ። እናቴ ከአንድ ወር በላይ በእግሯ አልቆመችም ነበር። ሳንባዋ አልቆ ነበር፤ መድኃኒቱ አገራችን የገባው ከዚያ ወደ አሥር ዓመት ቆይቶ ነው። ያን ጠዋት አያቴ የጎተተቻት ሳይሆን የተሸከመቻት ነበር። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ማወቅ ግን አንድ ነገር ነው፤ ሆድ ሌላ።

ማታ ሳይደርስ አያቴ ክፍሉን በኒም ቅጠል ልታጥን ገባች። ጩኸቷን ሰማን።

"ማነው እግሯን የቆረጣት?"

አባቴ መጣ። ሥዕሉን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። "አይጥ ነው" አለ።

"አይጥ? አይጥ እንደ ልብስ ሰፊ ቀጥ አድርጎ ይቆርጣል?"

"አይጥ ነው አልኩሽ፣ እማዬ።"

አያቴ ወደ እኔ አልዞረችም። "እንግዲህ አይጥም ይሁን ሌላ፣ አካሉ የጎደለ ምስል ቤት አይቀመጥም" አለች። "ዛሬውኑ ውሃ ይግባ። ሴትዮዋ ታማ መንገድ ላይ ባለችበት ቀን እግር የሌላት ላክሽሚ ቤቴ አታድርም።"

"እማዬ፣ ይሄ እኮ..."

"ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ስለማውቅ ነው።"

እናቴ ፎቶግራፍ አልነበራትም። እንደ እኛ ያለ ቤት ያኔ ማን ፎቶግራፍ ይነሳል? አባቴ ሥዕሉን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ወንዙ ወረደ፤ እኔ ከኋላው። የድንጋዩን ደረጃ እስከ መጨረሻው ወርዶ ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገባ። እርድና አበባ ረጨበት፣ ለቀቀው። ሥዕሉ ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ ተንሳፈፈ። ሁለቱ ወንዞች የሚላተሙበት ጋ ሲደርስ ሁለቴ ዞረ፤ አረንጓዴው ሳሪ ጠቆረ፣ ሰጠመ።

እስኪሰጥም ድረስ ጊዜ ነበረኝ። "አባባ፣ እግሯ ይኸው" ማለት እችል ነበር። በሩዝ ሙጫ ይለጠፍ ነበር፤ አባቴ ከዚያ የባሰ ጠግኖ ያውቃል። አላልኩም። ስንመለስ እጄን ይዞኝ ነበር።

ዝናቡ መጣ። ከተራራው ሁለት ደብዳቤ መጣ፤ አባቴ ከፍ ባለ ድምፅ የሚያነብልን "ደህና ናት፣ ወተት ትጠጣለች" የሚለውን ብቻ ነበር። እኔ ቀን እቆጥራለሁ። ለጋውሪ እመጣለሁ ብላለች። ግን በምን እግር?

በእኛ አገር እንስት አምላኳ ጋውሪ በዝናቡ ወር ወደ ቤት ትገባለች፤ እናት ቤቷ እንደምትመጣ ልጅ ናት። ከደጅ እስከ መደቧ ድረስ በሩዝ ዱቄት ትንንሽ የእግር ዱካ ይሣልላታል፣ ጣቱ ሁሉ ወደ ውስጥ። ባለትዳር ሴት ምስሏን ተሸክማ ደፉ ላይ ስትቆም የቤቱ ልጅ እግሯ ላይ ውሃ ታፈስና፣ "በምን እግር መጣሽ?" ብላ ትጠይቃታለች። "በወርቅ እግር" ይባላል። አያቴ ባልቴት ስለሆነች መሸከም አይገባትም፤ ያን ዓመት የተሸከመችው የባቡራኦ ሚስት ሳጉና ናት።

ማለዳ ማንም ሳያየኝ ወረቀቱን ከደበቅሁበት አወጣሁ። በሩዝ ሙጫ ደፉ ላይ ለጠፍኩት፤ ጣቶቹን ወደ ውስጥ። ላዩን ዱቄት ነሰነስኩበት። በቃ፣ አልኩ። አሁን እግር አላት። አሁን ትገባለች።

ሳጉና ደፉ ላይ ቆመች። ከኋላዋ ዝናቡ ይወርዳል። እኔ ውሃውን አፈሰስኩ፤ አበዛሁት።

"በይ እንጂ ጠይቂያት" አለች ሳጉና። "ክንዴ ሊቆረጥ ነው።"

"ጋውሪ... በምን እግር..." አልኩና ከሳጉና ኋላ ወደ መንገዱ አየሁ። መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም። "በምን እግር ትመጣለች? እግሯ እኮ እኔ ጋ ነው!" ብዬ ጮህኩ። "የቆረጥኩት እኔ ነኝ!"

ሳጉና ሳቀች። "ምን ትላለች ይቺ? ጋውሪን ነው የቆረጥሽው?"

አያቴ ከጥግ ተነሳች። ውሃው ዱቄቱን አጥቦት ነበር። ደፉ ላይ ቀይ የተቀባ እግር፣ ሦስተኛው ጣት ላይ ቀለበት፣ አውራው ላይ የወጣ ጠማማ ጣት። ጎንበስ ብላ አየችው። ወረቀቱን ከዳሩ በጥፍሯ እያነሳች፣ ሳትቀድ፣ ቀስ አድርጋ ላጠችው። ጥፊዋን ጠበቅሁ። ዓይኖቼን ጨፈንኩ።

ስከፍታቸው ወረቀቱ የለም። እጇ ከወገቧ ላይ፣ ከሳሪዋ እጥፋት፣ እየወጣ ነበር።

"ምን ትጎለቻለሽ?" አለቻት ሳጉናን። "አስገቢያት እንጂ። ዝናብ እየመታት ነው።"

እናቴ ለመብራት በዓል ሦስት ቀን ሲቀረው ተራራው ላይ ሞተች። እንደ ሥርዓታችን እዚያው አቃጠሏት። አባቴ ሁለት የብር ቀለበት በመሐረብ ቋጥሮ ተመለሰ። እኔ መምጣት አቅቷት የሞተች መሰለኝ፤ እግር ስላልነበራት። ትምህርት ቤት ስለ ሳንባ እስከተማርኩበት እስከ አሥራ አራት ዓመቴ እንዲያ ብዬ ኖርኩ።

አያቴ ስለዚያ ወረቀት አንድም ቀን አላነሳችም። አሥራ ስምንት ዓመቴ ሆኖ ስዳር፣ ሙሽራ ሆኜ ልወጣ ስል፣ በአሮጌ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር እጄ ውስጥ ወሸቀችልኝ።

"አካሉ የጎደለ ነገር ቤት አይቀመጥም ያልኩት እኔ ነኝ" አለችኝ። "አሥራ አንድ ዓመት ከሩዝ ማሰሮዬ ሥር አስቀመጥኩት። ቁጣ ካለው በእኔ ላይ ይሁን። ሌላማ ምን ተረፈሽ?"

አባቴ ዓይኑ ፈዞ፣ ብሩሽ ጥሎ፣ ሊሞት አካባቢ አንድ ቀን ጠየቅሁት። የእናቴን ፊት ረስቼው ነበር። ባስታውስ ባስታውስ የሚመጣብኝ የላክሽሚ ፊት ነው።

"ያ ሥዕል እሷን ይመስል ነበር?"

"አይመስልም" አለ። "ፊቱ የመጽሐፉ ፊት ነው፤ ክብ፣ ዓይኑ ሰፊ። ሰው የሚጠብቀው ፊት። ሃያ ዓመት እሱን ስስል እጄ ሌላ አላውቅም አለኝ። ደግሞም ኩሙ፣ ፊቷን ቀና ብዬ አላየሁትም። ባየው ኖሮ እንደምትሞት ፊቷ ይነግረኝ ነበር። አንገቴን ደፍቼ ነው የሣልኩት። የሣልኩት እግሯን ብቻ ነው።"

እንግዲህ ወንዙ የወሰደው የሁሉንም ሰው ላክሽሚ ነው። የእኔዋ ከመቀሱ ወዲህ ቀረች። ልጆቼ ይህን ቢሰሙ "ታዲያ እማዬ፣ ደግ አደረግሽ ማለት ነው" ይሉኝ ይሆናል። አይደለም። በሥዕሉም በእግሩም ሊጽናና የሚገባው ባል ነበራት፤ አንዱን ውሃ ውስጥ አስጣልኩት፣ ሌላውን ደበቅሁበት። ሥዕሉን ወንዝ ከከተተ በኋላ የቆመች ላክሽሚ ሲስል አላየሁትም።

ኢራ መቀሱን ደጋግማ ጠየቀችኝ። ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ። በመቀሱ ፈንታ ጨርቁን አውጥቼ ፈታሁላት።

"የማን እግር ነው፣ አያቴ?"

"የእናቴ።"

"ሌላው አካሏስ የት ሄደ?"

"ወንዝ ገባ።"

ጠማማውን ጣት በጣቷ ጫፍ ነካችው። "ያማታል?" አለች።

"አሁን አያማትም።"

የትልቅ ሰው እግር ስትነካ እንዳስተማርናት እጇን ወደ ግንባሯ አደረገች። ከዚያ ወረቀቱን ወስዳ በራችን ደፍ ላይ አስቀመጠችው፣ ጎንበስ ብላ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ አየችው። ጣቶቹ ወደ ደጅ ነበሩ።

"እየመጣች ነው እየሄደች?" አለችኝ።

ስለ ሳንባ የማውቅ፣ ሦስት ልጅ ወልጄ የዳርኩ አሮጊት ነኝ። ጉልበቴ እየተንቋቋ ተንበረከክሁ፣ ወረቀቱን አዞርኩት። ጣቶቹን ወደ ውስጥ አደረግኋቸው።

መቀሱን ግን አልሰጠኋትም።